ባንዱ ነው የተለወጠው ወይስ ጆሮሽ?

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? «የሜታሊካን አዲሱን አልበም ሰማሁት፣ ግን እንደ ድሮው አልሆነልኝም፤ ሰዎቹ ናቸው የተለወጡት ወይስ ጆሮዬ?» ላልሽው መልሱ ሁለቱም ነው። ደግነቱ የትኛው ለውጥ የማን እንደሆነ መለየት ይቻላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሻል።

የአሜሪካው የሄቪ ሜታል ባንድ የሜታሊካ አዲሱ አልበም «72 ሲዝንስ» የወጣው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 2023 ነው፤ 12 ዘፈን፣ 77 ደቂቃ። ስሙ የሰው የመጀመሪያዎቹ 18 ዓመታት በ4 ወቅት ተባዝተው ነው። ዘፋኙና ጊታር ተጫዋቹ ጄምስ ሄትፊልድ እንደሚለው ሰው እውነተኛውንም ሐሰተኛውንም ማንነቱን የሚይዘው በእነዚያ ዓመታት ነው። ለወላጅ ብዙ የሚያስደስት ሐሳብ ስላልሆነ እንለፈው።

መጀመሪያ «ድሮ» የምትይውን እንለየው። የዚህ ባንድ ድሮ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል»ን አውጪና የመጀመሪያውን ዘፈን ክፈቺ። ጊታሮቹ መካከለኛ ድምፃቸው ተቀንሶ ደረቅና ስል ሆነዋል። የእግር ከበሮው ከመደለቅ ይልቅ እንደ ጽሕፈት መኪና ቁልፍ ጠቅ ጠቅ ይላል። ቤዝ ጊታሩን ፈልጊው፤ አታገኚውም፣ ማንም አያገኘውም። ቤዝ ተጫዋቹ ክሊፍ በርተን እ.ኤ.አ. በ1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ከሞተ በኋላ ጄሰን ኒውስቴድ ተተክቶ ነበር፤ እሱም የድርሻውን ተጫውቶ ተቀድቷል። የጠፋው ሚክሲንግ ላይ፣ ማለትም የተቀዱት ድምፆች ተመጥነው ሲቀላቀሉ ነው። ሚክሲንጉን ከሠሩት አንዱ ስቲቭ ቶምፕሰን ቤዙ ዝቅ እንዲል የጠየቀው ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ እንደሆነ በኋላ ተናግሯል። ከዚያ በተጨማሪ ኒውስቴድ የጊታሩን ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣውን አጭር ዜማ) ኖታ በኖታ ይከተል ነበር፤ ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ሲሉ ደግሞ የጎላው ሌላውን ይውጠዋል። ስለዚህ እዚህ ቤዝ ካልሰማሽ ጥፋቱ የባንዱ ነው። የከበሮውን ጠቅታ ካልሰማሽ ግን ያ የጆሮሽ ነው፤ ጠቅታው ያለው ከፍ ባለው የድምፅ ክልል፣ ከ3,000 ሄርዝ (በሰከንድ የመርገብገብ ብዛት) ወዲያ ሲሆን፣ ዕድሜ ከጆሮ ቀድሞ የሚወስደው ይህንኑ ነው። «ሰ» እና «ፈ» የሚምታቱብሽም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የ1991ዱ፣ ሽፋኑ ጥቁር የሆነው። ብዙ ሰው «ለስልሰው ገበያ ገቡበት» ይለዋል፤ እኔ አልስማማም። ባንዱ ክብደት ከፍጥነት እንደማይመጣ ያወቀው በዚህ አልበም ነው። ሞትሊ ክሩ በ1989 ያወጡትን አልበም ድምፅ ወድደው ፕሮዲውሰሩን ቦብ ሮክን አመጡ። ሮክ ሙዚቀኞቹን በየተራ ከመቅዳት ይልቅ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው እንዲጫወቱ አደረገ፤ ቤዙም ጊታሩን መከተል ትቶ ከከበሮው ጋር ተጣመረ። ሥራው ሦስት ጊዜ እንደገና ሚክስ ተደርጎ ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። «ኤንተር ሳንድማን» በደቂቃ 123 ምት ገደማ ነው፣ ማለትም ለእነሱ በእግር መሄድ ማለት ነው። ግን ሄትፊልድ ያንኑ ሪፍ ሦስት ጊዜ ቀድቶ ደራርቦታል። ሦስቱ ቅጂዎች በፀጉር ስንጥቅ ያህል ይለያያሉ፤ ውፍረቱ የሚመጣው ከዚያ ልዩነት ነው። አንዱን ቅጂ በኮምፒውተር ሦስት ጊዜ ብታባዢው ይጮኻል እንጂ አይወፍርም።

«ሳድ በት ትሩ» ላይ ደግሞ ጊታሮቹ አንድ ሙሉ ድምፅ ወርደው ተቃኝተዋል። ወፍራሙ ክር ከ82 ሄርዝ ወደ 73 ይወርዳል ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን የክሩ ውጥረት በ20 ከመቶ ገደማ ይላላል። ክሩ ሳይቀየር እንዲህ ከተቃኘ ሁለት ነገር ይበላሻል፤ ክሩ ፍሬቱን (አንገቱ ላይ ያለውን የብረት ዘንግ) እየነካ ይንጣጣል፣ ጠንከር ተደርጎ ሲመታም ድምፁ ለቅጽበት ሽቅብ ሸሽቶ ይመለሳል። መፍትሔው ወፈር ያለ ክር ነው፤ በ0.046 ኢንች ፋንታ 0.052 ቢደረግ ውጥረቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያኔ ግን የክሩ መቀመጫ እንደገና መስተካከል አለበት፣ አለበለዚያ ከአንገቱ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ቅኝቱ እየሳተ ይሄዳል።

በ2003 የወጣውን «ሴንት አንገር»ን ብትዘዪውም አልቀየምሽም። አንድ ዘፈን ብቻ፣ ለትምህርት ያህል። ስኔር ከበሮ ከታች ቆዳው ላይ የሽቦ ረድፍ አለው፤ «ጭስ» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከሽቦው ነው። ኡልሪክ ሽቦውን አላቆ ስለመታው ከበሮው እንደ ባዶ በርሜል ያስተጋባል። የጊታር ሶሎም (ጊታሩ ብቻውን ፊት ወጥቶ የሚጫወትበት ክፍል) የለበትም። ራስ ምታት ከያዘሽ የጤና ችግር አይደለም።

በ2008 የወጣው «ዴዝ ማግኔቲክ» ግን ላንቺ ጉዳይ ዋናው ነው። ሶሎው ተመልሷል፣ ፍጥነቱም ተመልሷል፣ አጻጻፉ ከ1991 ወዲህ ከሠሩት ሁሉ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ድምፁን ግን ገደሉት። ሁሉ ነገር እኩል እንዲጮህ ተጨምቆ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ ወደ መንሻከክ ይለወጣል። ማስተሪንጉን፣ ማለትም የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ፣ የሠራው ቴድ ጄንሰን ሥራው እጁ ሲገባ አስቀድሞ ተጨምቆ እንደነበር ተናግሯል። ይህንን አልበም ከሌሎቹ ጋር ስታወዳድሪ ድምፁን ቀንሺ፤ ጆሮ የጎላውን የተሻለ አድርጎ ስለሚቆጥር ፍርድሽ ይዛባል። የሚሰማሽን መንሻከክ ድምፅ በመጨመር አታሸንፊውም፤ ይብሳል።

አሁን ወደ አዲሱ። ፕሮዲውሰሩ ግሬግ ፊደልማን ከሄትፊልድና ከኡልሪክ ጋር ሆኖ ሠርቶታል። ከበሮው ቀለል ብሏል፤ ኡልሪክ ከዘፈኑ ጋር አይታገልም። የጊታር ተጫዋቹ የከርክ ሃሜት ሶሎዎች አብዛኞቹ በቅጽበት የመጡ ይመስላሉ፣ ዋህ ዋህ የሚለውን ፔዳሉንም አልተወም። የ1991ዱ ዓይነት ለስላሳ ዘፈን አትጠብቂ፤ አንድም የለም። «ሉክስ ኤተርና» ከሦስት ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ያልቃል፣ የመጨረሻው «ኢናሞራታ» 11 ደቂቃ ያልፋል። አንዳንዶቹ ዘፈኖች መሀል ላይ ደቂቃ ቢቆረጥላቸው ይሻሉ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የአሁኑ ቤዝ ተጫዋች የሮበርት ትሩሂዮ ቤዝ በሚገባ ይሰማል። በ1988 የተዘጋው በር እዚህ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ታዲያ ለምን ሳሳብሽ? ስልኩ ላይ ስለሰማሽው ይመስለኛል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከ200 ሄርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም፤ የቤዙ ወፍራም ክር ደግሞ 41 ሄርዝ ነው። ጆሮሽ ላዩን ቀንሶብሻል፣ ስልኩ ታቹን ቆርጦብሻል፤ የቀረሽ መሀሉ ብቻ ነው። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ማዳመጫ አድርጊ። የመስሚያ መሣሪያሽንም «ሙዚቃ» በሚለው ሁነታ አድርጊው፣ ከሌለው የጆሮ ባለሙያሽ እንድትጨምርልሽ ጠይቂ። የተለመደው ሁነታ የተቀመረው ለንግግር ስለሆነ ረዘም ብሎ የሚዘልቅ የጊታር ድምፅ ሲያገኝ የራሱ ፉጨት መስሎት ያፍነዋል። ድምፁን አብዝተሽ አትክፈቺው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው።

ከዚያ «ኢናሞራታ»ን ክፈቺና ጊታሮቹ ዝም ብለው ቤዙ ፊት የሚወጣበትን ቦታ ጠብቂ፤ መሀሉ ላይ ነው። በማዳመጫው ከተሰማሽና በስልኩ ከጠፋብሽ፣ ጆሮሽን ማማትሽን ትተሽ ስልኩን እሚው።

ልጅሽ