ከወንበር ወርዶ መኖር የሚችል ፓርቲ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ

ስለ ምርጫ የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ማን ያሸንፋል፣ ማን ራሱን አገለለ፣ ማን ከማን ጋር ተጣመረ የሚለው በደንብ ይጻፋል። አንድ ጥያቄ ግን ሳይነሳ ይቀራል። ለረጅም ዓመት አገር የገዛ ፓርቲ በምርጫ ቢሸነፍ ምን ይሆናል? የት ይሄዳል? ጉዳዩ የፓርቲው ብቻ አይደለም። መሸነፍ ማለት መጥፋት ነው ብሎ የሚያምን ፓርቲ ወንበሩን በሰላም አይለቅም። ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ነን።

በአገራችን ይህን አይተን አናውቅም። የደርግ ዘመን ገዢ ፓርቲ ኢሠፓ በ1977 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በ1983 ከደርግ መንግሥት ጋር አብሮ ጠፋ። ኢሕአዴግ 28 ዓመት ገዛ። በ2012 ከስሞ ብልጽግና ሲመሠረት ሕወሓት አልገባም አለ። አንዱን ጦርነት አፈረሰው፣ ሌላው በራሱ ስብሰባ ተለወጠ። በድምፅ ተሸንፎ፣ ተቃዋሚ ሆኖ ቁጭ ብሎ፣ ለሚቀጥለው ምርጫ የተዘጋጀ ገዢ ፓርቲ ግን አልነበረንም።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሥልጣኑ 40-40-20 እየተባለ (40 በመቶ ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌሎች) ለዓመታት የተከፋፈለው ኢሕአዴግና አጋሩ ባደረጉት ስምምነት ነው። የምርጫ ሣጥኑ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነበር። እንዲህ ባለ አሠራር ያደገ ካድሬ ስምምነት እንጂ ውድድር አይለምድም። ከዚራ ሻይ ስንጠጣ አንድ ወጣት ጎረቤቴ «አቦ፣ እነዚህ ሰዎች ቢሸነፉ እኮ መሄጃ የላቸውም» አለኝ። ልክ ነው።

ለምን ልክ እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ጊዜ መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ሄድኩ። ሠራተኞቹ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ስብሰባው የፓርቲ ነበር። አዳራሹ የቀበሌው ነው። ወንበሩም፣ ማይኩም የቀበሌው ነው። ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነው። አንዲት እናት ሕፃን አዝለው እኩለ ቀን ድረስ በር ላይ ቆመው ነበር። ያን ቀን የታየኝ የእኛ መጉላላት ብቻ አልነበረም። ያ ፓርቲ አዳራሹንና የሥራ ሰዓቱን ቢነጠቅ ስብሰባ የሚጠራበት ምን ይቀረዋል?

የዚህን መልስ ሌሎች አገሮች በተግባር አይተውታል። የድሬ ገበያ በስሟ የሚጠራባት ታይዋን አንዷ ናት። ኩኦሚንታንግ የተባለው ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ1949 (የሌሎቹን አገሮች ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከቻይና ኮሚኒስቶች ሸሽቶ ደሴቲቱ ላይ ሰፈረ። 38 ዓመት በወታደራዊ አዋጅ ገዛ። በ1986 ተቃዋሚዎች ክልከላውን ጥሰው ፓርቲ ሲያቋቁሙ ፕሬዚዳንት ቺያንግ ቺንግ-ኩዎ ፓርቲውን ከማፍረስ ተቆጠቡ። በዓመቱ አዋጁን አነሱ። በ1996 ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ሲመርጥ ያሸነፈው ራሱ ገዢው ፓርቲ ነበር። በሩን ቀድሞ መክፈቱ ጠቀመው።

ሽንፈቱ የመጣው በ2000 ነው። ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ እጩው 23 በመቶ አግኝቶ ሦስተኛ ወጣ። የተናደዱ ደጋፊዎች የፓርቲውን ዋና መሥሪያ ቤት በር ዘጉ፤ ሊቀመንበሩ ሊ ቴንግ-ሁዊ ከኃላፊነት ወረዱ። ከዚያ በኋላ አባላት ሊቀመንበራቸውን ራሳቸው በድምፅ መምረጥ ጀመሩ። በ2005 ሁለት ሰዎች በግልጽ ተወዳድረው ማ ዪንግ-ጁ አሸነፉ። በ2006 ከፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት የነበረውን ትልቁን ሕንፃ ሸጡና ወደ አነስተኛ ቤት ገቡ። እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ ይህ ነው። ከሥልጣን መውረዱ የገባው ፓርቲ እንዲህ ያደርጋል። በ2008 ማ 58 በመቶ አግኝተው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ግን ዕዳው አልተከፈለም ነበር። ኩኦሚንታንግ በሥልጣን ዘመኑ ያካበተው ሀብት ከመንግሥት ሀብት ጋር ተቀላቅሏል የሚለው ክስ ተከተለው። በ2016 ፕሬዚዳንትነቱንም ምክር ቤቱንም አጣ። በዚያው ዓመት ምክር ቤቱ የፓርቲ ንብረት የሚመረመርበት ሕግ አወጣ።

አፍሪካም አለች። የዛምቢያው ኬኔት ካውንዳ 27 ዓመት ገዝተው በ1991 ተሸነፉና ሥልጣን በሰላም አስረከቡ። ክብር ይገባቸዋል። ፓርቲያቸው ዩኒፕ ግን እንደገና አላንሰራራም። የኬንያው ካኑም በ2002 ከወደቀ በኋላ ወደ ቀድሞ ቁመናው አልተመለሰም። የጋናው ኤንዲሲ የተለየ ነው። በ2000 ተሸነፈ፣ ስምንት ዓመት ተቃዋሚ ሆኖ ተቀመጠ፣ በ2008 ከአንድ በመቶ ባነሰ ልዩነት ተመለሰ። ቮልታ በተባለው ክልል የነበረው ደጋፊ ቢሮ ሲጠፋ አብሮ አልጠፋም። የሜክሲኮው ፒአርአይ ከ71 ዓመት በኋላ ወርዶ በ2012 ተመለሰ። ሳይለወጥ ነው የተመለሰው። በሙስና ስሙ ጠፋ፣ በ2018 እጩው ሦስተኛ ወጣ።

እኔ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ገዢ ፓርቲ ከመንግሥት መለየት ያለበት ወንበሩ ላይ ሳለ ነው። ከወረደ በኋላ ጊዜ የለውም። አባሉ ለሥራና ለዕድገት ብሎ የገባ ከሆነ በማግስቱ ይበተናል። ለዓላማው የገባ ከሆነ ግን ሻይ ቤት ውስጥም ቢሆን ይሰበሰባል። ይህን የምለው ለብልጽግና ብቻ አይደለም። ነገ ለሚያሸንፈው ፓርቲም ነው፤ እሱም ያንኑ አዳራሽ ሊወርስ ይችላልና።

የእኛ የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ሒሳባቸውን አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡ ያዛል። ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ተከታትላችሁ እንድትጽፉልን ነው። ዘጋቢያችሁ ድሬ ሲመጣ የመሪዎችን መግለጫ ብቻ ይዞ አይመለስ። የአባልነት መዋጮው በፈቃድ ነው ወይስ ከደመወዝ ይቆረጣል? ለአዳራሹ ኪራይ የሚከፍል አለ? ለፓርቲ ሥራ የሚወጣው መኪና ታርጋው የማን ነው? ተቃዋሚዎቹንም ገንዘባቸው ከየት እንደሚመጣ ይጠይቃቸው። መልስ አልሰጥም ያለውንም በስሙ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ