ስለ ስፓኒሽ የፍቅር ቃላት ጥቂት እርማት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው እትም ያወጣችሁትን የስፓኒሽ የፍቅር ቃላት ዝርዝር ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያሉ ወጣቶች በስልክ ፎቶ አንስተው እየተቀባበሉት ስለሆነ ይህን ልከናል። ዝርዝሩ ከእንግሊዝኛ መገልበጡ ያስታውቃል። አማርኛ ተናጋሪ ግን በዚያ በኩል መዞር የለበትም፤ ብዙው ነገር እዚሁ አፉ ላይ አለ።

«ቴ ኪዬሮ»ንና «ቴ አሞ»ን አንድ አድርጋችኋቸዋል። «ቴ ኪዬሮ» የእኛ «እወድሻለሁ» ነው፤ ለእናትም፣ ለጓደኛም፣ ለፍቅረኛም ይባላል። «ቴ አሞ» ወደ «አፈቅርሻለሁ» ያደላል፤ በተዋወቁ በሳምንቱ ከተባለ ያስደነግጣል።

ከሁሉ የከፋው ለ«ደስ ትይኛለሽ» የሰጣችሁት «ዮ ጉስቶ» ነው። «ደስ ትይኛለሽ» ስንል ግሡ የሚረባው በእሷ ነው፤ ስፓኒሹም ቁርጥ እንደዚያው «ሜ ጉስታስ» ይላል። ስለ ሦስተኛ ሰው ከሆነ «ሜ ጉስታ»፣ ደስ ትለኛለች። «ዮ ጉስቶ» ያለ ሰው ግን «እኔ ደስ እላለሁ» ብሎ ራሱን እያሞገሰ ነው። ኩባ የተማሩ ሰዎች የመጨረሻዋን «ስ» ስለሚውጧት ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ከፊቱ «ቱ» (አንቺ) ጨምረው «ቱ ሜ ጉስታስ» ቢሉ ይለያል።

«አገባሁ» ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሜ ካሴ ኮን ማሪያ» ማለት ማሪያን አገባኋት ነው። «ሜ» ተረስታ፣ በ«ኮን» ፋንታ «ኣ» ገብታ «ካሴ ኣ ማሪያ» ከተባለ ግን ማሪያን ዳርኳት ሆነ። አቦ፣ የራሱን እጮኛ የሚድር ማን አለ? «ካሳዶ» ያገባ፣ «ካንሳዶ» የደከመው መሆኑንም ልብ በሉ፤ ልዩነቱ አንዲት «ን» ናት።

እኛ «ሽ»ና «ህ» የምንለየው በሚሰማው ሰው ጾታ ነው። «ፍቅር ይዞኛል» ለማለት ስፓኒሽ የሚለየው በተናጋሪው ነው፤ ወንድ «ኤስቶይ ኤናሞራዶ»፣ ሴት «ኤናሞራዳ»። ወንዱ ለእሷ ብሎ «ዳ» የሚልበት ስሕተት የሚመጣው ከአማርኛው ልማድ ነው። «ሚ አሞር» (ፍቅሬ) ግን ለሁለቱም አይለወጥም።

አነባበቡ ለእኛ ቀላል ነው። «ካሪኞ» (ውዴ) ውስጥ ያለችው «ኞ» የራሳችን ናት። «ኖቪዮ» ብላችሁ የጻፋችሁት ግን በ«ቪ» አይነበብም፤ ከንፈር ሳይገጥም ላላ ብላ እንደምትወጣው፣ «አበበ» ውስጥ እንዳለችው «በ» ናት። ትርጉሙም እንደ አገሩ ነው፦ ስፔን ውስጥ ፍቅረኛ፣ ቺሊ ውስጥ ግን እጮኛ። ቺሊዎች ለፍቅረኛ «ፖሎሎ» አላቸው። በሠርጉ ዕለት ግን የትም ቢሆን ሙሽሮቹ «ኖቢዮስ» ናቸው።

ቃላቱን ለብቻ ከመሸምደድ በቀን አምስት ዓረፍተ ነገር ከነመስተዋድዱ መያዝ ይሻላል። «ኤናሞራዶ» ከ«ዴ» ጋር፣ «ካሳርሴ» (ማግባት) ከ«ኮን» ጋር፣ «በሕልሜ አየሁሽ» የሚባልበት «ሶኛር»ም ከ«ኮን» ጋር ነው።

ኩባ ገበያ ውስጥ ሻጯ «ሚ አሞር» ወይም «ሚ ቢዳ» (ሕይወቴ) ብትል የድሬዳዋው መጋላ ገበያ ነጋዴ «ሆዴ» እንደምትለው ነው፤ መልሱ «ቴ አሞ» ሳይሆን ዋጋውን መጠየቅ ነው።

ስፓኒሽ የምናስተምር
ከድሬዳዋ