ያቺ ጆሮ

ሰላም የኔ ውድ፣

እንዴት ነሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ «እንዴት ነሽ» ማለት ራሱ ያሳፍራል። ግን ሌላ መጀመሪያ አጣሁ።

ዛሬ ምን እንዳስጻፈኝ ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ላየን ኪንግ ነው፣ ያ የአንበሶቹ የካርቱን ፊልም።

ትናንት ማታ ከልጄ ጋር አየሁት። ስድስት ዓመት ሞላት፣ ታምኛለሽ? ያየነው የድሮውን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን፣ በእጅ የተሳለውን። በ2019 የወጣውንም ሞክረነው ነበር። ፀጉሩ ቁርጥ የእውነት አንበሳ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ሐዘን አይታይም። ግማሽ ላይ ተውነው።

ካሴታችን ትዝ ይልሻል? መክፈቻው ላይ ያንን ዘፈን ከልባችን እየፈጠርን ስንጮህ? ለካ ቋንቋው ዙሉ ነው። የሚጣራው ደቡብ አፍሪካዊው ሌቦ ኤም ነው፤ «አንበሳ መጣ፣ አባቴ» እንደ ማለት ነው አሉ። ከዚያ ሁሉ ጩኸታችን አንዷን ቃል በትክክል ብለናታል፦ «ባባ»።

የመንጋው ሩጫ ጋ ስንደርስ ደግሞ አንቺ ፊትሽን ትራስ ውስጥ ትቀብሪያለሽ። እኔ ሮጬ ሄጄ ካሴቱን አሳልፋለሁ። ሁልጊዜ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ለምትሆነው ለዚያች ሩጫ የኮምፒውተር ሠሪዎቹ ከሁለት ዓመት በላይ ለፍተዋል። እኛ በአሥር ሰከንድ እንጨርሳታለን።

ትናንት አላሳለፍኩም። አቧራው ረጋ። ግልገሉ ሲምባ የሞተውን አባቱን ሙፋሳን በግንባሩ ገፋ ገፋ አደረገው፣ ከዚያ ጆሮውን ነክሶ ጎተተ። ተነስ፣ ወደ ቤት እንሂድ ይለዋል። ልጄ ዞር ብላ፣ «እማዬ፣ ጠዋትም እንዲህ አድርጎት አልነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው። መጀመሪያ ላይ ያንን እንቅልፋም አባቱን ሊቀሰቅስ የጎተተው ጆሮውን ነው። ያኔ ሙፋሳ እያዛጋ ተነሳ። አሁን አልተነሳም። ትንሹ «እርዱኝ» እያለ ጮኸ፤ የመጣለት የለም። ተመልሶ ከአባቱ ክንድ ሥር ገብቶ ተኛ።

ይህን ያህል ዓመት ስወደው የኖርኩትን ፊልም ልቡን አይቼው አላውቅም ነበር ማለት ነው።

ሙዚቃውን የሠራው ሃንስ ዚመር አባቱ የሞተው እሱ ስድስት ዓመቱ ላይ እያለ ነው። ሥራውን ሲጀምር የልጆች ካርቱን መስሎት ነበር፤ ውስጡ የቀረው ያ ሐዘን ግን ወጣበት። የመጀመሪያውን ኦስካር ያገኘውም በዚሁ ነው። ያን ቦታ ስትሰሚው ለልጆች ብሎ የቀነሰው ነገር የለም።

ከዚያ ሃኩና ማታታ የሚለው ዘፈን መጣ። ልጄ ሶፋው ላይ ዘለለች። እኔ ደግሞ ግንዱ ላይ እየተራመዱ የሚዘፍኑበት ቦታ ላይ ቀረሁ። ሲምባ ግልገል ሆኖ ይነሳል፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ጋማ ያወጣል። ስንት ዓመት አንድ ግንድ ላይ አለፈ! ልጅ ሆነን ደስታ ይመስለን ነበር። ሰውዬው እኮ ሽሽት ላይ ነው። አፍሮ ነው የቀረው።

እኔም እንደዚያው ነኝ። አባባ ሲያርፉ ምን ልበልሽ ብዬ ቃል አጣሁ። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላማ መዘግየቱ ራሱ ሌላ ጥፋት ሆነብኝ። እንደ ካሴቱ አሳለፍኩት፤ አንቺ ግን ትራስ እንኳ አልነበረሽም። ይቅር በይኝ።

አባባን የማስታውሳቸው ከጀርባችን ቆመው ጋዜጣ እንደሚያነቡ አስመስለው ሲያዩ ነው። ጋዜጣው ገጹ አይገለጥም። አንዴ የጅቦቹ ቦታ ላይ ከኛ ቀድመው ሳቁ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ራፊኪ በስዋሂሊ ወዳጅ ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሲምባን በዱላ አናቱን ያለው ያ ዝንጀሮ። ስንገናኝ ዱላ ይዘሽ ብትመጪ አልሸሽም።

ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። ካላነሳሽ እሑድም እደውላለሁ።

ያቺው ጠፊዋ ጓደኛሽ