በሃያዎቹ ላለን ልጆች መጀመሪያ ጎረቤት አገር ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ወጣቶች ሊያዩዋቸው የሚገቡ አገሮች ብላችሁ ያወጣችሁትን አነበብኩት። ፓሪስ አለ፣ ሮም አለ፣ ባሊ አለ፣ ፎቶዎቹም ያምራሉ፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ አንብቤ ስጨርስ ከፋኝ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ዝርዝር አይቼ ተነስቼ ምን እንደደረሰብኝ አውቀዋለሁ።

24 ዓመቴ ላይ ወደ አውሮፓ ለሚያስገባው የሼንገን ቪዛ ፕሮሰስ እናደርጋለን የሚል ቢሮ ገብቼ ስንት ወር ያጠራቀምኳትን ብር ከፈልኩ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የሆቴል ቡኪንግ፣ ምን ያልተጠየቅኩት አለ፣ መጨረሻ ላይ ሪጀክት። ቢከለክሉህም የቪዛው ክፍያ አይመለስም፣ አሁን ደሞ 90 ዩሮ ገብቷል። በዛ ላይ የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን መልቲፕል ኢንትሪ፣ ማለትም ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ፣ እንዳይሰጥና መልሱም በ15 ቀን የነበረው 45 ቀን እንዲሆን ወስኗል፣ ምክንያቱ የኛ መንግሥት እዛ ወረቀት የሌላቸውን ዜጎቹን መልሶ በመቀበል አልተባበረም የሚል ነው። እኔና ጓደኞቼ በዚህ ውስጥ ምን አለንበት? ፓሪስን ማንም አይጠላም፣ ግን የ23 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ደሞዙን እዛ ላይ እንዲያፈስ አትገፋፉት።

እኔ አምና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ኬንያ ሄድኩ። ቪዛ የለም፣ ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ካርድ ይዘህ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሞያሌ ያሉ ዘመዶች ጠይቀን በመኪና ወረድን። ኬንያ በኩል ስትገባ መኪናው ሁሉ በግራ ነው የሚነዳው፣ ግን የገረመኝ ሰዓቱ ነው፣ የናይሮቢ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ስንጠይቅ ሰውየው ሳ ኩሚ አለን፣ ኩሚ አስር ነው፣ እኛ ውጭ አገር ነን ብለን በፈረንጅ ቆጥረን የዛሬው አመለጠን ብለን ተጨነቅን፣ ለካ ስዋሂሊም እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥረው፣ አስር ሰዓት ማለት የኛው አስር ሰዓት ነው! ሻይ የምትሸጥ እናት ናት ጣቷን ቆጥራ ያስረዳችን፣ ሳቅ በሳቅ ሆንን። ከናይሮቢ ሞምባሳ በፈረንጆቹ 2017 የተከፈተው ባቡር አለ፣ አምስት ስድስት ሰዓት ቢሆን ነው። አንዷ ጓደኛዬ ባህር አይታ አታውቅም ነበር፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ገብታ ውሃውን በእጇ ዘግና ቀመሰችው።

ዘንድሮ ደሞ ኪጋሊ። ሩዋንዳ ለአፍሪካ ኅብረት አገር ዜጎች ቪዛውን እዛው ስትደርስ በነፃ ነው የምትሰጠው። ከተማው ንፁህ ነው ምናምን ሁሉም ይላል፣ እኔ ግን ስለ ጊሶዚ ነው የምጽፈው፣ ከ250,000 በላይ ሰው ያረፈበት የዘር ጭፍጨፋው መታሰቢያ። የሕፃናት ክፍል አለ፣ የልጅ ፎቶ ተለጥፎ ከስሩ የሚወደው ምግብ፣ የሚወደው መጫወቻ፣ እንዴት እንደተገደለ። በቃ ሌላ ምንም የለም። ከዛ ወጥተን ሦስታችንም ደረጃው ላይ ተቀመጥን፣ ለብዙ ሰዓት ማንም ስልኩን አላወጣም። ከማን ወገን ነሽ ተብለን ስንጠየቅ ላደግን ልጆች፣ ኮመንት ላይ በብሔር ስንሰዳደብ ለምንውል ልጆች ይሄን ቦታ በሃያዎቹ ማየት ከየትኛውም ሕንፃ ፊት ፎቶ ከመነሳት ይበልጣል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ሌላም ነገር አለ። እማዬ ልሄድ ነው ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ልትቀሪ ነው ወይ ብላ ነው፣ ጎረቤቶቹም እንደዛው። በኛ ቤት ውጭ አገር የሚኬደው ለመቅረት ነው፣ አረብ አገር ወይ አሜሪካ። በሳምንቴ ተመልሼ የዝንጅብል ሻይ ቅመም ሳመጣላት ግን አመነችኝ፣ ለኪጋሊው ጭራሽ ስንቅ ቋጥራ ሸኘችኝ።

ስለዚህ እባካችሁ በሚቀጥለው እትም በኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ወይም ስንደርስ በሚሰጥ ቪዛ የምንገባባቸውን አገሮች አውጡልን፣ የትኛው በመኪና እንደሚኬድ፣ ምን ወረቀት እንደሚጠይቁ ጨምሩበት። የቢጫ ወባ ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ እንዳለበትም በትልቁ ጻፉት፣ ይሄን ሳታውቅ ቀኗን ያስቀየረች ልጅ አውቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ