የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ ዘገባ፦ ኤፍ40 ወይስ 959?

ዘንድሮ የክበባችን ሥራ በክርክር ተጀመረ። መስከረም መጨረሻ ላይ ሁለት የ11ኛ ክፍል አባላት ሰሌዳው ሥር ሲጨቃጨቁ ደረስኩ። ጭቅጭቁ ከሁለት የስፖርት መኪኖች የትኛው ይበልጣል የሚል ነው። አንዱ "ፌራሪ ኤፍ40 በሰዓት 324 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ይላል። የሌላው ፖርሽ 959 ደግሞ 317 ነው። ለ7 ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ጩኸት! "በሉ ዓመቱን ሙሉ እናጥናቸው" አልኩ፤ አጠናናቸውም።

መኪኖቹ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። የሁለቱም ሥር ግሩፕ ቢ ከሚባለው የመኪና ውድድር ምድብ ይመዘዛል። ምድቡ ሰው በቀጠፉ አደጋዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1986 ማብቂያ ቀረ። ኤፍ40 የፌራሪ ኩባንያ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ከመሞቱ በፊት ያጸደቀው የመጨረሻው መኪና ነው። ዛሬ ሁለቱንም ሰብሳቢዎች እንደ ቅርስ ይዘዋቸዋል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ቱርቦ ነው። ልጆቹ ቱርቦን የሚያውቁት በኢሱዙ ፉጨት ነበር። መካኒክ የሆኑ የአንድ አባላችን አባት ከጋራዣቸው አሮጌ የኢሱዙ ቱርቦ ይዘውልን መጡ። እግዜር ይስጥልን! በጣት ሲገፉት ይሽከረከራል። በአንድ በኩል የሞተሩ ጭስ ይዘውረዋል፤ በሌላው በኩል አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ይልካል።

ሁለቱም መኪኖች ሁለት ሁለት ቱርቦ አላቸው። የኤፍ40ዎቹ እኩል ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ጭሱ እስኪበረታ ሞተሩ ትንሽ ያንቀላፋል፤ ከዚያ ጉልበቱ ድንገት ይመጣል። ፖርሽ ግን ተራ አስያዛቸው። የሞተሩ ዙር ዝቅ ሲል አንዱ ብቻ ይሠራል፣ ከፍ ሲል ሁለተኛው ይጨመራል። ይህን ሳስረዳ ብዙዎቹ ግር አላቸው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ተነስታ "ቲቸር፣ ውሃ ሲያንስ ለሁለት ቦይ አይከፈልም፤ መጀመሪያ አንዱን ነው መልቀቅ" አለች። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥም የማስረዳው በእሷ ቦይ ነው።

ክብደት ላይም ተከራከርን። ኤፍ40 478 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ክብደቱ 1,100 ኪሎ ግድም ነው። ምንጣፍ የለው፣ ሬዲዮ የለው፤ በሩ ከውስጥ የሚከፈተው በገመድ ነው። 959 ደግሞ 450 የፈረስ ጉልበት ይዞ 1,450 ኪሎ ይመዝናል። ሞተሩ አራቱንም ጎማ ያዞራል፤ መኪናው ከመሬት ያለውን ከፍታ ያስተካክላል፤ የጎማ አየር ሲቀንስም ይናገራል። ጉልበቱን ለክብደቱ ስናካፍል ኤፍ40 በሰፊው በለጠ። ያን ጊዜ ነው አንዱ አባል የፌራሪው ክብደት ያለ ነዳጅና ያለ ዘይት የተመዘነ መሆኑን ያየው። በጣም ኮራሁበት!

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ በባትሪ የሚሄዱ ሁለት መኪኖች ሠራን። አንዷ ቀላል ሆና በኋላ ጎማ ትነዳለች። ሌላዋ ከበድ ብላ በአራቱም። ኮሪደሩ ላይ ቀላሏን የሚደርስባት ጠፋ። የርዝመት ዝላይ አሸዋው ላይ ግን ጎማዋ እዚያው ቆፍሮ ቀረ። ከባዷ ዝም ብላ አለፈች።

በሰኔ የትኛው ይበልጣል ብለን ድምፅ ስንሰጥ ኤፍ40 አሸነፈ። የእኔ ድምፅ ለ959 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በፓሪስ ዳካር የመኪና ውድድር በረሃ አቋርጦ አንደኛ የወጣ መኪና፣ ከተማ ውስጥም በጨዋ ደንብ የሚነዳ፣ ለእኔ ከዚያ በላይ የለም።

የኢሱዙው ቱርቦ ቤተ ሙከራው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ባለቤቱ "ፍቱት" ብለውናል። በመስከረም እንፈታዋለን፤ እጁ ግሪስ እንዲነካ የማይፈራ ይመዝገብ።