እትዬ፣ ወሬው ሳይቀድመኝ

እትዬ እንደምን ሰነበትሽ? እማስ? የደሴ ብርድ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? «ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን «ሆዱ ውስጥ ጨረር ቀበሩበት» የሚል ወሬ ፒያሳ ደርሷል አሉ። እውነት ነው። እንደሚወራው ግን አይደለም፣ አብሽሪ።

ካንሰሩ ጉበቴ ላይ ግራና ቀኝ ስለተበተነ በቀዶ ሕክምና አይወጣም ተባልኩ። ጉበት ደም የሚያገኘው በሁለት ቦይ ነው። ሦስት አራተኛው ከአንጀት በኩል ይመጣል፣ የቀረው ከልብ በሚወርደው ደም ቅዳ። ካንሰሩ ደግሞ በአብዛኛው የሚጠጣው ከዚህኛው ነው። እነሱም በዚያው ቦይ ገቡበት፦ በብሽሽቴ ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ጉበቴ ገፉና ኢትሪየም 90 የሚባል ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር የተሸከሙ፣ ከፀጉር የቀጠኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፍሬዎች ለቀቁበት። ወደ ሳንባ እንዳያመልጡ ቀድመው ሌላ ቀን ሞክረው አይተዋል። ጨረሩ በአማካይ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፤ የአንዲት ምስር ውፍረት በይው። በየ64 ሰዓቱ ደግሞ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል።

አላስተኙኝም፣ ሁሉን እያየሁ ነበር። ሲጨርሱ ዶክተሩ ከክፍሉ ሳይወጣ እጁን በመለኪያ ፈተሹት፣ ከዚያ የጫማውን ሶል። እኔ ሙሉውን ሆዴ ውስጥ ይዤ ተጋድሜ የሱ ጫማ ሲፈተሽ ሳቄ መጣ።

በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ድካሙ ግን ሌላ ነው፤ ለሁለት ሳምንት የቤቴ ደረጃ የጦሳ ተራራ ሆነብኝ። ትንሿን ልጄንም ለሳምንት አትቀፋት አሉኝ። በሩ ላይ ቆማ «አባ፣ አሁንስ ጠፋ?» ትለኛለች።

እንዳልዋሽሽ፣ እናድንሃለን አላሉኝም። እድገቱን እንገታለን፣ ምናልባት ይሟሽሻል ነው ያሉት። ከሦስት ወር በኋላ ስካን ይነሳል።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ። የኔ መነሻው ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ሳላውቀው ስንት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። አባባ ትዝ አለሽ? ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ብለን ክንዱ ላይ ቅጠል አሳሰርንለት። ምን እንደነበር ማን ያውቃል፣ ያስመረመረው የለም። አንቺና ልጆቹ ግን ተመርመሩ፤ የደም ምርመራ ነው። ነፃ የሆነ ሦስት ዙር ክትባቱን ይውሰድ። የተገኘበትም ክትትልና መድኃኒት አለው። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ ማዕድ እንዳትለዩ።

እማም ትመርመር። በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል የምትለዋን ግን አደራ፣ እንዳትነግሪያት። እሷ ያሳመመችኝ ይመስላታል። ለስኳር ነው ደም የሚወስዱት በያት።

የምርመራውን ብር ልኬያለሁ። በርበሬ ልላክልህ ደግሞ እንዳትይ፣ ሽታውም ገና አልተስማማኝም።

ወንድምሽ