ቡናው አልቆ ድራማው ያላለቀባቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

እኛ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና የምንጠጣ ጓደኛሞች ነን። ወሬያችን ድራማ ነው። ሰሞኑን አንዷ ጓደኛችን የኮሪያ ድራማ በሁለት ሌሊት ጨርሳ መጣችና ከአቦል ጀምራ ስታወራን ዋለች። በረካው አለቀ፣ እሷ ግን አላለቀችም። ከዚያ ክርክር ተነሳ።

እኔ ለኮሪያው አደላለሁ። ብዙ ጊዜ በ16 ክፍል ያልቃል፣ ታሪኩም ዳር ይደርሳል። የቱርኩ ግን አገሩ ላይ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ያልፋል፣ ለውጭ ሲሸጥ ይቆራረጣል፣ እኛ ጋ ሲደርስ ሰውዬው ዞር ብሎ እስኪያይ ሳምንት ይሞላል! ቃና በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ ድምፅ የተቀረጹ ድራማዎችን ማሳየት ከጀመረ ወዲህ እናቴ ኢስታንቡልን ከጅማ መርካቶ በላይ ታውቃለች ብል አልዋሸሁም።

የእኛዎቹስ? እዚህ ላይ ነው የሚቆጨኝ። ሁሌ ቪላ፣ ሁሌ ሶፋ፣ ሁሌ የአዲስ አበባ ሰው። ሙዚቃው ደግሞ ንግግሩን ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል የገባው የያሬድ ዘለቀ ፊልም እኮ ስለ አንድ የገጠር ልጅና ስለ በጉ ነው። ቪላ አላስፈለገውም። እኛ ጋ የቡና ለቀማ አለ፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፣ ዝናባችን ብቻውን አንድ ገጸ ባሕርይ ይወጣዋል። የሚጽፍ ሰው ቅዳሜ ብቅ ይበል፣ ታሪኩን ከነቡናው በነፃ እንሰጠዋለን፤ መብራት ካልጠፋ ያየነውንም እናሳየዋለን።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ